ከጓዳው በር እስከ አጥሩ

አክዓብ ንጉሠ እስራኤል የኢይዝራኤላዊውን የናቡቴን የወይን ቦታ የተመኘው መሬት አጥቶ እንዳልነበረ የታወቀ ነው። ሰማርያን ከነአውራጃዋ የሚገዛ፣ ሠረገላና ፈረስ፣ ሠራዊትና ግምጃ ቤት ያልጎደለው ንጉሥ፣ ስለ አንድ ሰው ርስት እህል አስጠልቶት በአልጋው ላይ ተጋድሞ ፊቱን ያዞረበትን ምክንያት መጽሐፈ ነገሥት ባጭር ቃል ያስረዳናል፤ ቦታው ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ነበርና የአትክልት ስፍራ ሊያደርገው ፈልጎ ነው። መምህራን ይህን ምዕራፍ ሲተረጉሙ የንጉሡን ስስትና የኤልዛቤልን ተንኰል አጥብቀው ይነቅፋሉ፤ መንቀፋቸውም የተገባ ነው። ነገር ግን ያ በደለኛ ንጉሥ በሌላው ሁሉ ቢሳሳት እንኳ፣ አትክልት ስለሚወድደው ስፍራ የሚያውቀው አንድ እውነት ነበረው፤ ስንዴና ገብስ ከባለቤታቸው ርቀው በሰፊ ገራህት ማደር ይችላሉ፣ ጎመንና ሽንኩርት ግን የቤት ጢስ ከሚደርስበት ሲርቁ አይበረክቱም።

በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የሚኖር ገበሬ ይህን ነገር ከማንም መጽሐፍ አልተማረውም። ማሳው ከቤቱ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ፣ በሦስትና በአራት ቦታ ተቈራርሶ ሊገኝ ይችላል፤ ጓሮው ግን ሁልጊዜ ከጓዳው በር ጀምራ እስከ አጥሩ ድረስ የምትዘልቀው ያች ጠባብ መሬት ናት። ማሳውን በሬ ያርሰዋል፣ ጓሮውን ዶማና የሴት እጅ ይቆፍረዋል፤ ማሳው በመኸር አንድ ጊዜ ይታጨዳል፣ ከጓሮው ግን ዓመቱን ሙሉ ለወጥ የሚሆን ነገር ይቀነጠሳል። ስለ እርሻ የሚጽፉ ሰዎች ለጤፍና ለስንዴ ብዙ ገጽ ሰጥተው ጓሮውን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልፉት፣ እንደሚመስለኝ፣ ምርቱ በኩንታል ስለማይሰፈርና ወደ ገበያ የሚወጣው ጥቂት ስለ ሆነ ነው፤ በእርሱ የሚጎርሰው ሰው ግን ጥቂት አይደለም።

በጾመ ፍልሰታ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች አንዲት መንደር በእንግድነት አድሬ ነበር። ዝናሙ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ጋብ ባለ ጊዜ፣ የቤቱ እመቤት ነጠላቸውን ታጥቀው፣ ከምድጃ የተዛቀውን የትናንት አመድ በአሮጌ ቆርቆሮ ይዘው በጓዳው በር ወጡ። ከደጃፉ ግራና ቀኝ ጤና አዳም፣ በሶብላና ኮሰረት ቆመዋል፤ እነዚህ ጀበናው ወይም ድስቱ እሳት ላይ ሳለ ብድግ ብሎ የሚቀጥፏቸው ናቸውና ከበሩ አይርቁም። ከእነርሱ ቀጥሎ የጎመኑ መደብ፣ ከጎመኑ ወዲያ ቃሪያው፣ ከቃሪያው ወዲያ ሊያሸት የተቃረበው በቆሎ ይታያል። ከፍጉ ክምር የተነሣው ዱባ ሐረጉን እየሳበ የሣር ክዳኑን ሊወጣ ጀምሯል። በዳር በኩል ጌሾው፣ አንድ ሎሚና አንድ ኮክ አሉ፤ ዙሪያውን ደግሞ ከብት የማይበላው ስሚዛ አጥር ሆኖ ተተክሎ፣ በላዩ እንዶድ ተጠምጥሞበታል።

እመቤቲቱ አመዱን በጎመኑ ግርጌ በስሱ ነሰነሱና ሎሚውን እንዳላዩ አልፈውት ተመለሱ።

«እማማ፣ ሎሚው ምን በደለ?» አልኋቸው።

«ሎሚ አመድ ሲበዛበት ቅጠሉ ይገረጣል፣ ልጄ። ለእርሱ የእቃ እጣቢው ይበቃዋል።» ጥቂት ቆም አሉና «ደግሞ ማሳው የአባወራው ነው፤ ይህ የኔ ነው። ማሳውን ጠይቀኝ ብትል አላውቅልህም» አሉኝ፤ እንደማውቀው ግን ስለ ማሳውም ከባለቤታቸው ያነሰ የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

የተናገሩት ነገር በቤተ ሙከራ ቢመዘን አንድም ስሕተት አይገኝበትም። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ የሚበልጠው በአሲድ የተጠቃ ነው፤ ብዙ ዝናም የሚወርድበት የደጋና የወይና ደጋ አፈር ጠቃሚ ንጥረ ነገሩን ጎርፍና ስርገት እየወሰዱበት ይጎመዝዛል፣ በጎመዘዘ አፈር ውስጥም ፎስፈረስ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተቈራኝቶ ለሥር አይደርስም። የግብርና ሊቃውንት ለዚህ የሚያዝዙት መድኃኒት ኖራ ነው። የእንጨትና የኩበት አመድ ደግሞ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ጥቂት ፎስፈረስ ያዘለ፣ የኖራን ሥራ በመጠኑ የሚሠራ ነገር ነው። ሲበዛ ግን አፈሩ ወደ ሌላው ጽንፍ ያዘነብልና ብረት ለተክሉ አልታዘዝ ይላል፤ በዚህ ጊዜ ሎሚና ብርቱካን ከሁሉ ቀድመው ይታመማሉ፣ የለጋ ቅጠላቸው ሥጋ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል። እመቤቲቱ ያዩት መገርጣት ይኸው ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ ሲታሰብ የሚያስደስትም የሚያሳዝንም ነው። ማሳው ያበቀለውን ገለባ ከብት ይበላዋል፤ እበቱ ተጠፍጥፎና ደርቆ ኩበት ይሆናል፤ ኩበቱ በምድጃ ሲነድ በውስጡ የነበረው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋር ወደ አየር ይሄዳል፤ የቀረው አመድ ግን ወደ ማሳው አይመለስም፣ መንገዱ ሩቅ ነውና ከጓዳው በር እምብዛም ሳይርቅ ይደፋል። በዚህ ዓይነት የሰፊው መሬት ሀብት በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ወደ ጠባቡ መሬት ይሰደዳል። በአንድ ባለቤት እጅ ያሉ ሁለት መሬቶች አንዱ ቀልቶና ሳስቶ፣ ሌላው ጠቁሮና ለስልሶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ለማሳው የሚያስብ ሰው ይህን ስደት ሊያዝንበት ይገባዋል፤ እኔ ግን ስለ ጓሮ የምጽፍ እንደ መሆኔ ለጊዜው ከተቀባዩ ወገን ቆሜአለሁ።

በጓሮው ካሉት አትክልት ሁሉ የአበሻው ጎመን የተለየ ክብር ይገባዋል። በጾም ወራት፣ ይልቁንም ፍልሰታ በክረምቱ እምብርት ላይ ስለሚውል፣ ቤቱ ከእርሱ የተነሣ ወጥ አያጣም። ሥርዓቱም የታወቀ ነው፤ የሚቀነጠሰው ከሥር ያለው የበሰለው ቅጠል ነው እንጂ ጫፉ አይነካም፤ ጫፉ እስካለ ድረስ ተክሉ ለወራት እያወጣ ይሰጣል። በመጨረሻ ከሁሉ የተሻሉት ሁለቱ ወይም ሦስቱ ሳይቀነጠሱ ይተዉና ቢጫ አበባቸውን አውጥተው ያፈራሉ። ፍሬው ሲደርቅ ልጡ ተሰንጥቆ ዘሩን ሊበትን ስለሚችል፣ ብልኅ ሴት የምታጭደው ጠል ሳይነሣለት በማለዳ ነው፤ ከተሰበሰበው ዘር ጥቂቱ ለመጪው ዓመት ይቀመጣል፣ የቀረው ተፈጭቶ የምጣድ ማሰሻ ይሆናል።

የዚህ ጎመን ትውልድ እጅግ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1935 ናጋሃሩ ዩ የተባለ፣ ከኮሪያዊ አባት በጃፓን የተወለደ ሊቅ፣ በእያንዳንዱ የጎመን ወገን ሕዋስ ውስጥ ያሉትን ክሮሞዞሞች መርምሮ የዘመድ አዝማድ ሐረጋቸውን አወጣ። ሰናፍጭ 8 ጥንድ አለው፣ ጥቅል ጎመንና ወንድሞቹ 9 ጥንድ አላቸው፤ የአበሻው ጎመን 17 ጥንድ ነው። ሁለቱ በጥንት ዘመን ተገናኝተው የሁለቱንም ውርስ ሳያጎድል የያዘ ልጅ ወለዱ ማለት ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የአገራቸውን ጎመን ሲያጡ ኮላርድ የተባለውን ገዝተው ይሠራሉ፤ ኮላርድም ከጥቅል ጎመን ወገን ነውና ሳያውቁት በልጁ ፈንታ ከወላጁ ቤት ሰዎች ጋር መወዳጀታቸው ነው።

ጎመን የአገር ተወላጅ ይሁን እንጂ በዚያች ጓሮ ከቆሙት ብዙዎቹ መጻተኞች ነበሩ። በርበሬና ቃሪያ፣ በቆሎ፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ የዱባው ወገን እንኳ ሳይቀር፣ ሁሉም የአሜሪካ ምድር ተወላጆች ናቸው፤ ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ በፊት ከእነዚህ አንዱንም የቀመሰ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ቅል ግን በአፍሪካ ጥንታዊ ነው። አበው ስለ ዱባና ስለ ቅል አበቃቀል ሲተርቱ አንዱ ከውቅያኖስ ማዶ እንደ መጣ ያውቁ እንደ ሆነ ጠይቆ መረዳት ቢቻል እንዴት መልካም ነበር! ድንቹን እ.ኤ.አ. በ1858 ያስገባው በትግራይ ለብዙ ዘመን የኖረው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ጊዮርግ ዊልሄልም ሺምፐር እንደ ሆነ ይጻፋል። ገበሬው ግን እንግዳውን ሥር ቶሎ አልተቀበለውም፤ የተስፋፋው በዚያ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ አገሩ ክፉ ቀን ባለው ረኃብ ከተመታ ወዲህ ነው። ምክንያቱን ማየት አያስቸግርም፤ በሬ የሞተበት ሰው ማሳው ጦም ያድራል፣ ዶማና ሁለት እጅ ያለው ግን ጓሮውን መቆፈር አያቅተውም።

በሬ የሌለበትን ምድር በዓይኑ ለማየት የፈለገ ወደ ዘጌ ይለፍ። በጣና ሐይቅ ውስጥ ገብታ የምትታየው ይህች ልሳነ ምድር፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን፣ አዝዋ ማርያምንና ሌሎችንም ገዳማት የያዘች፣ ከዳር እስከ ዳር በጥቅጥቅ ዕፀዋት የተሸፈነች ናት። እንደ ገዳማውያኑ ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም በዚያ ስፍራ በበትራቸው ሦስት ዕፀዋትን አስገኙ፤ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ። ከዚያ ጋር በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት እንዳይገባ ተገዘተ። ትውፊቱን እንደ አማኝ የሚቀበለውም ሆነ እንደ ታሪክ ተመራማሪ የሚያጤነው ሰው፣ ፍሬውን ሊክድ አይችልም፤ በሐይቁ ዙሪያ ያለው ደን በማረሻ ሲመነጠር የዘጌ ደን ቆሞ ቀረ፣ ቡናውም በጥላው ሥር ይለቀማል። ነዋሪዎቹ ቡናቸውን፣ ጌሿቸውንና ሎሚያቸውን በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ገበያ እያሻገሩ እህላቸውን ሸምተው ይመለሱ ነበር። ሕዝብ በሙሉ ከማሳ ተለይቶ በጓሮ ሲኖር ለማየት ከዚህ የበለጠ ምስክር በሰሜን አላውቅም።

በደቡብ ግን አለ፤ እንዲያውም ይበልጣል። በዲላ ዙሪያ ያለው የጌዴኦ ተራራማ አገር እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ የተመዘገበው ስለ ቤተ መንግሥት ወይም ስለ ሐውልት አይደለም፤ ስለ አኗኗሩና ስለ አተካከሉ ነው። ከላይ ረዣዥሙ ዛፍ፣ ከእርሱ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ መካከል ቡና፣ ከሁሉ በታች ጎመንና ሥራ ሥር አንዱ ሌላውን ሳይገፋ በአንድ መሬት ላይ ይኖራሉ። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ዓመታት የሚቆይ ተክል ነው፤ ቢሆንም በፈለጉት ወር የሚነቀል፣ ቆጮውና ቡላው በጉድጓድ የሚከማች፣ አምቾውም ተቀቅሎ የሚበላ ስለ ሆነ፣ እንደ ጎተራ ከቤቱ አጠገብ ቆሞ የክፉ ቀን ስንቅ ይሆናል። ፍግ የሚወድድ በመሆኑም ከጎጆው አይርቅም፤ የከብቱ እበት በየማለዳው ከቤት እየተጠረገ ወደ ግርጌው ይወሰዳል። በእንሰት አገር የጓሮውና የማሳው ድንበር ጠፍቶ ሁሉም ጓሮ ሆኗል ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ፍሬ የሚያፈሩ ዛፎችን በተመለከተ፣ በየከተማው ቅጥር ግቢ ብዙ ድካምና ብዙ ቅሬታ አይቻለሁ። ሰው ከገበያ የገዛውን አቮካዶ በልቶ ፍሬውን ይተክላል፤ ችግኙ አምሮ ይበቅላል፤ ባለቤቱም ስድስትና ሰባት ዓመት ከጠበቀ በኋላ እናቱን የማይመስል፣ ቆዳውም ጣዕሙም ሌላ የሆነ ፍሬ ያገኛል፤ ወይም ከነአካቴው አያገኝም። አቮካዶ ከዘር ሲበቅል ከሁለት ወገን የተቀላቀለ ውርስ ይዞ ይወጣልና እናቱን እንዲመስል ማስገደድ አይቻልም፤ ጠባዩ የታወቀ ፍሬ የሚፈልግ ሰው በመልካም ዛፍ ቅርንጫፍ የተዳቀለ ችግኝ መግዛት አለበት፤ እንዲህ ያለው በሦስተኛው ዓመት ገደማ ማፍራት ይጀምራል። ሎሚ በዚህ ከአቮካዶ ይለያል፤ በአንዲት የሎሚ ዘር ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ የሚበልጡ ፅንሶች ይገኛሉ፣ ከእነርሱም አብዛኞቹ ከእናቲቱ ብቻ የተገኙ ናቸው፤ ስለዚህ የጎጃሟ እመቤት ከአማታቸው ሎሚ ዘር ወስደው ቢተክሉ የአማታቸውን ሎሚ መልሰው የሚያገኙበት ተስፋ ብዙ ነው።

የአቮካዶ አበባ ጠባይ ደግሞ ለሰሚው ተረት ይመስላል። እያንዳንዷ አበባ ሁለት ጊዜ ትከፈታለች፤ በመጀመሪያው ሴት ሆና፣ ተዘግታ ከቆየች በኋላ በማግሥቱ ወንድ ሆና። ከዛፎቹ አንደኛው ወገን ማለዳ በሴትነት፣ በማግሥቱ ከቀትር በኋላ በወንድነት ይከፈታል፤ ሁለተኛው ወገን ከቀትር በኋላ በሴትነት፣ በማግሥቱ ማለዳ በወንድነት። አንዱ ሰጪ ሲሆን ሌላው ተቀባይ የሚሆነው ሁለቱ ወገኖች ንብ በምትመላለስበት ርቀት ሲኖሩ ነው። ስለዚህ አበባ እየሞላ ፍሬው የሚያንስበት ሰው ዛፉን ከመርገሙና መጥረቢያ ከማንሣቱ በፊት የጎረቤቱን ግቢ አሻግሮ ቢመለከት ይሻለዋል። ፓፓያም የዚሁ ዘመድ የሆነ ችግር አለበት፤ ከዘር ከበቀሉት ወንዱና ሴቷ አበባ እስኪያወጡ ድረስ አይለዩም፤ ልማደኛው ሰው በአንድ ጉድጓድ ሦስት ተክሎ አበባው ከታየ በኋላ ወንዶቹን ይቆርጣል፣ ለብዙ ሴቶች አንድ ወንድ ብቻ ያስቀራል። ከሁሉ በፊት ግን አየሩን ማወቅ ይገባል፤ ፓፓያ የቆላና የዝቅተኛው ወይና ደጋ ነው፤ በአዲስ አበባ፣ ከ2300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርድ እየተኮማተረ ይኖራል። ለደጋ ሰው ኮክና ፕሪም፣ ብርዱ ከበረታም በጨንቻ ተራሮች እንደ ተለመደው አፕል ይሻለዋል።

የጓሮና የአጥር ጥበብ በዓለም ፊት የተከበረበትም ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ለኢትዮጵያውያን በሁለት በኩል ደረሰ። አንዱን የተቀበሉት ዶክተር አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው፤ አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ግርጌ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ያ የአጥር ሐረግ የብልሃርዝያን በሽታ አስተላላፊ እንደሚገድል አረጋገጡ። ሁለተኛው ሽልማት ለዶክተር መላኩ ወረደ ተሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውን የዕፀዋት ዘር ማዕከል ለረዥም ዓመታት ሲመሩ፣ ዘር በቀዝቃዛ ቤት ተቆልፎ መቀመጡ ብቻ እንደማይበቃና በገበሬው እጅ እየተዘራ መጠበቅ እንዳለበት የተከራከሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ጥበብ ከአጥር ላይ፣ ሁለተኛው ገበሬዎች ለዘር ብለው ከሚያስቀሩት እፍኝ የተገኘ መሆኑን ሳስብ፣ ያችን ጠባብ መሬት በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያልፉት ጸሐፊዎች የተዉት ነገር ምን ያህል እንደ ሆነ ይታየኛል።

ዛሬ በአዲስ አበባ ብዙው ሕዝብ ጓሮ የለውም። የጭቃ ቤቱ ከነግቢው ፈርሶ ባለቤቱ በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ ከሰፈረ ወዲህ፣ ጎመኑን የሚያገኘው ከገበያ ነው፤ ከዚያ ጎመን ውስጥ አንዳንዱ በአቃቂ ወንዞች ውሃ የበቀለ እንደ ሆነ፣ በእነዚያ ውሃዎችም ከፋብሪካ የወጡ እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶች እንደሚገኙ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ስለዚህ በየበረንዳው ጀሪካን እየተሰነጠቀ አፈር ሲሞላ ማየት እየተለመደ ሄደ። በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ የምትኖር አንዲት ወይዘሮ ሥራዋን አሳይታኛለች፤ ጀሪካኑን በጎኑ አስተኝታ ከላይ ትከፍተዋለች፣ ከሥሩ ውሃ ማሳለፊያ በጋለ ሚስማር ትበሳለች፣ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግና ጥቂት አሸዋ ትቀላቅላለች። በረንዳዋ ፀሐይ የሚያገኘው ከማለዳ እስከ ረፋድ ብቻ ስለ ሆነ ቲማቲም ሞክራ ተወች፤ ቅጠላ ቅጠሉ ግን በዚያች ፀሐይ ይረካል። ከታች ያሉት ጎረቤት በታጠበ ልብሳቸው ላይ ውሃ ተንጠባጠበ ብለው ለሕንፃው ኮሚቴ ከሰሷት፣ እርስዋም ከየጀሪካኑ ሥር ሳህን አኖረች፤ የተጠራቀመውንም ውሃ መልሳ ታጠጣዋለች፣ ፍጉ የሰጠው ኃይል ከውሃው ጋር እንዳይባክን።

ያስቸገራት ዘር ነው። ቆስጣ የምትዘራው ከሱቅ በታሸገ ወረቀት የተገዛ ነው፤ ረዘም ያለ ብርድ ካላገኘ በቀር የማያብብ የባዕድ አገር ተክል ስለ ሆነ ቅጠሉን እየሰጠ ያረጃል እንጂ ዘር አያወጣላትም፣ ወረቀቱም በየዓመቱ ዋጋው ይጨምራል። ጎመኑን ግን ከደብረ ማርቆስ እኅቷ በቋጠሮ አድርጋ በአውቶቡስ ልካላታለች። ከስድስቱ ጀሪካን አንዱን ለዘር ብላ ሳትቀነጥስ ስለ ተወችው፣ ባለፈው ዓመት የወጣው እፍኝ ዘር ለእርስዋና በዚያ ፎቅ ላሉ ለሦስት ቤቶች በቃ፤ ከታች ያሉት ከሳሽም ድርሻቸውን ወስደዋል።